ትንሿ ጣት

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጓሮ፣ ከረንቡላ ቤት፣
ሒሳብ ተቀባይ ነበርኩ፣ ሳንቲም ቆጣሪ እስከ ሌሊት።
ጋሼ ጫቅሉ ነጥብ መዝጋቢ፣ ጠመኔ በጆሮው ሰክቶ፣
ጨዋታ ሲቀዘቅዝ ይጠራኛል፣ ካርታውን ከኪሱ አውጥቶ።

«እንደ ጫጩት ያዢው» ይለኛል፣
«ጫጩት ብታጠብቂያት ትሞታለች፣ ብታላያት ታመልጥሻለች።
ሌባ ጣትሽ ከፊት ትቁም፣ አውራ ጣትሽ ትረፍ ከላይ፣
ትንሿ ግን ከኋላ ትግባ፣ በሩን ትያዝ ሳትታይ።

«ፖከር ነው በያቸው፤ ፖከር ሲባል ሰው ይነቃል፤
ጠረጴዛው ባዶ ቢሆንም ገንዘብ ያለ ይመስለዋል።
ይበውዝ እሱ ራሱ። ይቁረጥ። አትከልክይ፣ አትቸኩዪ።
የሚፈራ እጅ ይታወቃል፤ እንዲያውም ‹ድገመው› በዪ።

«አምስት አምስት ስታድዪ፣ ለራስሽ መጥፎውን ውሰጂ፤
አስማተኛ ሲያሸንፍ ማን ይወዳል? ሰውየው ያሸንፍ እንጂ።
ካርታውንም አንቺ አትግለጪው፣ በገዛ እጁ ይግለጠው፤
አስማት ጣትሽ ላይ አይደለም፤ ደረቱ ውስጥ ነው የሚያስደነግጠው።

«እጅሽ ሥራ ሲኖረው፣ ዓይኑን ወደ ፊትሽ ጥሪ፤
ጠይቂው፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ቤቱ አውሪ።
ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ጣት ማየት ይረሳል።
ያቺ ናት ጊዜሽ፤ አንድ ትንፋሽ ይበቃሻል።»

«የት ተማርከው?» ስለው፣ ጠመኔውን እፍ ብሎ ይነፋል፣
«አዘዞ፣ ከወታደሮች» ይልና በአጭሩ ያልፋል።
ካርታው አርጅቷል፤ የልቧን አስ ጥጓን ሲጋራ ቀምሷታል፤
ያቺን ስነካ፣ ጋሼ ጫቅሉ፣ ሁሌ ሳል ይነሣበታል።

ክረምቱን ሙሉ ተለማመድኩ፣ በጨለማ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ትንሿ ጣቴ እስክታብጥ።

ከመስቀል ማግስት አንድ ማታ፣ ባጃጁን ከደጅ አቁሞ፣
አዛናው ገባ፤ ሻይ አዘዘ፤ ተቀመጠ ደክሞ።
ጋሼ ጫቅሉ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መልሶ፣
ያልተጻፈ ነጥብ ያጠፋ ነበር፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሶ አብሶ።

«ፖከር ልስጥህ?» አልኩት። «ገንዘብ የለኝም» አለኝ።
«የእኔ ፖከር ገንዘብ አይበላም።» በወዘ። ቆረጠ። መለሰልኝ።
ትንሿ ጣቴ በሩን ያዘች። ዓይኑን ጠራሁት፣
«ቤትህ ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ነበረኝ» አለ፣ «ሳሙና በር፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ የኮክ ዛፍ፤
ካርታውን በካርታ በላሁት፣ በአንድ ሌሊት፣ አዘዞ፣ ከካምፑ ደጃፍ።»

እሱ ገና ኮኩ ሥር ቆሟል።
ጣቴ ሥራዋን ጨርሳለች።
ያን የመሰለ ንጹሕ አሠራር ከዚያ ወዲህም አልሆነልኝም።

አምስት ለእኔ፦ ሰባት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ የማይረባ ዝርዝር፤
አምስት ለእሱ፦ አስ፣ አስ፣ አስ፣ አስ፣ አንዲት ንግሥት ደግሞ ለክብር።

ያጨበጭባል ብዬ ጠበቅሁ። እጁ ተንቀጠቀጠ።
«ዕድሌ» አለ፣ «ዕድሌ መጣች?» ተነሥቶም ተቀመጠ።
የባጃጁን ቁልፍ በኪሱ ዳሰሰ። ያሰበው ገባኝ።
«ቆይ» አልኩት፣ «ቆይ አንዴ፣ እጄን እይልኝ።»

ካርታውን ገለበጥኩ። ፊት ለፊቱ፣ አንድ በአንድ፣
ትንሿ ጣት የት እንደምትቆም፣ አስ እንዴት እንደሚሄድ።
«ዕድል አይደለም፤ ጣት ናት» ብዬ አሳየሁት።
«ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩት። «ቀስ ብለሽ»፤ ቀስ አልኩለት።

ሻዩ ቀዘቀዘ።
የልቧን አስ አንሥቶ፣ የተቃጠለ ጥጓን በአውራ ጣቱ አሻት፣ ደጋግሞ።
«ሰባት ዓመት» አለ፣
«ሰባት ዓመት ሙሉ ዕድሌን ሳማት ኖርኩ።
ለካ እሷ አልነበረችም።»

አሷን ለካርታው፣ ካርታውን ለእኔ፣ እንደ ጫጩት ይዞ መለሰ፤
እጅ ነሥቶ ወጣ። የባጃጁ መብራት የፋሲልን ግንብ አንዴ ዳሰሰ።

እጅ ሰጠሁት ስል፣ እጅ ሰጥቼ የቀረሁ እኔ።
«ምስጢር አወጣሽ» ይለኛል ብዬ ዞር አልኩ በጎኔ፦

ጨርቁ ሰሌዳው ሥር ወድቋል። በሩ ክፍት ነው።
ጠመኔው ከጠረጴዛው ላይ፣ ከመሐሉ የተሰበረው።
ባርኔጣው ከሚስማሩ አልወረደም።
ጋሼ ጫቅሉ ያለ ባርኔጣ ደጅ ሲወጣ
ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።