ሦስት ነጥብ

እኔ ፊልም ቆራጭ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፣
የሩቅ አገር እሳት በልክ የማስተኛ።
ዊስኮንሲን ነው አገሩ፤ ጣቢያችን ወንዝ ዳር ናት፣
የአይብ ፋብሪካው ሽታ ሌሊት የሚጎበኛት።

ማክሰኞ ሌሊት አንድ ፊልም ደረሰኝ፣ ሰባት ሰከንድ፤
አቧራ። ጎማው የሚነድ የጭነት መኪና።
መሬት ላይ አንድ ጓንት፣
እጅ የሌለበት።

ኖርበርት አለቃዬ ወንበሬን ተጠጋ፤
«ይኼ ይቅደም? ወይስ የቤንዚኑ ዋጋ?
ለምርጫው የቀረው ሦስት ሳምንት ነው» አለና፣
«ሰው ባወቀው መቼ መረጠ? ባየው ነው፣ በቀደመው ዜና።»

ጓንቱን አስቀደምኩት።
ከሥሩም በቀይ ቀለም «ሰበር ዜና» ብዬ ጻፍኩ፤
ማንን እንደሰበረ አላወቅኩም፣ አልጠየቅኩ።

ሐሙስ ጥናቱ ወጣ።
ወንበሩን የያዘው ስትሮብል ሦስት ነጥብ ወረደ፤
በአንዱ ቢሮ ሻምፓኝ ተከፈተ፣ በሌላው ስልኩ ነደደ።
ሎረታ ፒንክኒ፣ ጡረታ የወጣችው ርእሰ መምህርት፣
በዚያው ልክ ከፍ አለች።
አሰላሁት፦ ለአንድ ነጥብ ሁለት ሰከንድ ከምናምን።

ከዚያማ ማስታወቂያው እንደ ዶፍ ዘነበ፤
ስትሮብል የወጣትነት መለዮውን ደፋ፣ ቦርጩን ወደ ውስጥ ሳበ።
የሎረታ ሰዎች ጓንቴን ገዝተው አዘገሙት፣
ሰባቱን ሰከንድ አሥራ አራት አደረጉት፣
ከሥሩም ቼሎ ጨመሩበት።
አሁን ጓንቱ ከሰማይ ቀስ ብሎ ይወድቃል።
እኔ ሳገኘው ወድቆ ነበር።

ቅዳሜ ካሜራማኑ ታሞ እኔ ተላክኩ፣
በር የሚያንኳኩትን ቀኑን ሙሉ ተከተልኩ።
ማርሊስ ሃልቨርሰን በረንዳዋን ትጠርጋለች፤
ሌሊት ሌሊት ፋብሪካው ውስጥ አይብ ታሽጋለች።
ልጇ ኤሜት እዚያ ነው፣ ጓንቱ ያለበት።
ጠዋት የስትሮብል ልጆች መጡባት፣ ከሰዓት የሎረታ፤
አንዱ ድሉን አወራት፣ ሌላው ኪሳራውን፤
ሁለቱም የኤሜትን ፎቶ ለመኗት፣ ለትንሽ ቀን፣ በውሰት።
ሲሰናበቷትም ያሏት አንድ ነው፦
«ድምፅዎን ይስጡን።»

«ድምፅ?» አለች፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ።
ወደ ሳሎኗ ዞረች። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤
አፍ ይከፈታል፣
ይዘጋል።
«ከነሐሴ ወዲህ እዚህ ቤት ድምፅ የለም፤
እናንተ ካገኛችሁት ውሰዱት።»
ይህን ቆርጬ ጣልኩት። ለዜና አይሆንም።

በመጨረሻው ሳምንት ጦርነቱ ሰለቸ።
የከተማው ቡድን አጥቂ ጉልበቱ ተጎዳ፣
ቤንዚን በጋሎን አሥራ ሁለት ሳንቲም ረከሰ፤
አቧራው ከአየር ትንበያው ኋላ ተመለሰ፤
ከሦስቱ ነጥብ ሁለቱ ወደ ስትሮብል ገሰገሰ።
ጓንቱ ሳይነሳ
ነጥቡ ተነሳ።

የምርጫው ዕለት ዘነበ።
ማርሊስን ከሉተራን ቤተክርስቲያን ምድር ቤት በር፣ ወረፋ ላይ አየኋት፣
ጃንጥላዋን ለማታውቀው ሽማግሌ ይዛለት።
ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም።
በስድስት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ልዩነት አንዱ አሸነፈ፤
ፊኛው ከጣሪያ ሲረግፍ የሚያሳየውን፣ ያንን፣ አሳምሬ ቆረጥኩት።

ሐሙስ ሌሊት ሌላ ፊልም መጣ። አሥራ አንድ ሰከንድ።
ኖርበርት ካፖርቱን እየለበሰ፣
«አሁን ምን ያስቸኩላል?» አለ፣
«ከአየር ትንበያው በኋላ ይሁን። ካልሆነም ይደር።»
የኮሪደሩን መብራት አጥፍቶ ሄደ።

የአይቡ ሽታ በመስኮት ገባ፤
የሌሊት ፈረቃው ጀምሯል፣ እሷም እዚያው ናት።
ድምፁን አጠፋሁና
ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣
እጅ እየፈለግኩ።