ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ

ሦስት ቀን ተኮናተርኩ፣ ባጃጄን ከነነፍሱ፣
ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ፣ በሲባጎ ታስሮ ራሱ።
ከኋላ ጠጂቱ ገመዳ፣ ጉልበቷ ላይ ደብተር፣
ሃያ ሁለት ዓመት በእግሯ፣ የአዳማን ውሃ ስትቆጥር
የኖረች፤
«ቆጣሪ!» ስትል ከበር፣ ውሻው በጠረን የሚያውቃት፣
ዛሬ «ምረጡኝ» ብትል፣ ሰው እንደ እንግዳ የሚያያት።

ምልክት ምረጪ ሲሏት፣ ልቧ የከጀለው አካፋ
በሌላ እጩ ተይዟል፤ መሰላልም፣ ፋኖስም ጠፋ።
የተረፈው ጃንጥላ ነው።
«ይሁን» አለች ፈርማ ስትወጣ፣
«ያስታውሰኛል በሐምሌ፣ መጠለያ ያጣ።»
ፖስተሯን ግን የአዳማ ንፋስ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ገነጠለው፤
ጃንጥላዋ ብቻውን በረረ፣ አስፋልቱን ተሻገረው።

መናኸሪያው በር አቆምኩ፤ ማይኩን ሁለቴ እፍ አለችው።
«ጎርፉን ተራራው ነው» አለች፣ «በየክረምቱ የሚልከው፤
ቦዩን የዘጋው ግን ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ ሃይላንድ፣
ከተራራ አልወረደም፤ ከቤታችን ነው፣ አንድ በአንድ።
አዲሱንም ቦይ አይቻለሁ፤ ሽቅብ ነው የተቆፈረ፤
ውሃ በቃለ ጉባኤ፣ ዳገት ወጥቶ ያውቅ ነበረ?»
«አሰላ! አሰላ! አንድ ሰው!» አለ ረዳቱ ከመኪናው፤
ግማሽ ንግግሯን ጭኖ፣ አውቶቡሱ ነጎደ በጎዳናው።

ፍራንኮ ስንደርስ ስለ እኛ፣ የባጃጁን ነገር አነሳች፤
«ማቆሚያ ይሰጣቸው፣ ተራ አስከባሪም አይዝረፋቸው» አለች።
ጥሩንባ ነፋሁላት።
«ትምህርት ቤት በር ላይ ግን፣ ከእንግዲህ አይቆሙም» ብላ ጨመረች።
በስፖኪዮ አየኋት፤ አየችኝ፤ ደብተሯን ገለጠች።

ቦኩ ግርጌ ካለው ሰፈር፣ ወርዳ ቆመች ከአቧራው፤
ቁጥር አነበበችላቸው፣ እያንዳንዱን ቤት በተራው።
«እዚህ ውሃ የሚመጣው፣ በወር አራት ሌሊት ነው፤
የቀረውን ቀን ቆጣሪውን፣ አየር ነው የሚያሽከረክረው።
አየር ሸጠንላችኋል። በእጄ ነው የጻፍኩት ሂሳቡን።
ይቅርታ።»
ይቅርታ የሚል እጩ፣ ሰምቼ አላውቅም ድምፁን።

ፊት ለፊት የቆመ ልጅ፣ ሲስቅ አፉን ሸፈነ በመዳፍ፤
የጉድጓድ ውሃ ያሳደገን፣ እናውቀዋለን ያንን የተዘጋ ደጃፍ።
እሷም ከንፈሯን ከፈተች፤ ጥርሷ ቡናማ፣ እንደ ዛገ ምላጭ ጫፍ።
«ይኸው የእኔም» አለችው፤ «ውሃው ይጣራ ብዬ
ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፣ ለሦስት ኃላፊ፣ አባብዬ።
አራተኛውን ከውስጥ ሆኜ ልጽፈው ነው፣ ልጄ።»

አንድ ሽማግሌ፣ አቶ ሁንዴሳ፣ በከዘራው ጠቆመና
«የመንገድ መብራቱስ?» አላት፤ «ስንት ዓመት እንጨልም ገና?»
«አላውቅም» አለች።
አንጀቴ ተቆረጠ። እጩ «አላውቅም» ይላል እንዴ?
«ጠይቄ እመጣለሁ።» ሰው ስቆ ተበተነ፤ እኔም ሳቅሁባት በሆዴ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ነዳጅ ሳትሰስት ተመልሳ፣
በጨለማው ቆማ ነገረችው፣ ለብቻው፣ ለአቶ ሁንዴሳ፦
አሥራ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ የማን ፊርማ እንደቀረ።
ለአንድ ድምፅ ይህን ያህል መንገድ! ብዬ ልቤ ተማረረ።

በምርጫው ቀን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጃንጥላዋን አየሁት፤
የትምህርት ቤቱም በር ትዝ አለኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩት፣
ያዝኩት።
ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር፣ የእኔና የኮሮጆው ነው።

«ቆጣሪ!» አለ ድምፅ ሰኞ፤ ውሻዬ ጅራቱን ቆላ።
ያው ጫማ፣ ያው ደብተር፣ ያው አቧራ፣ ከሽንፈቱም በኋላ።
«ስንት አገኘሽ?» አልኳት፣ ፈራ ተባ እያልኩ።
መስታወቱን በጣቷ ጠርጋ፣ የእኔን ቁጥር ጻፈችና
ገጹን አዞረችልኝ። ከሥሩ፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ በዚያው ቁመና፦

ያለፈው ንባብ፦ ዜሮ።
የአሁኑ ንባብ፦ ስድስት መቶ አሥራ አራት።

ከዚያ ውስጥ የእኔ ይኑር አይኑር
አልጠየቀችም። «የዚህ ወሩ ግማሹ አየር ነው» አለች፤
ወጣች፣ ወደ ጎረቤት በር።