መቶ አራት ዲግሪ ተኩል

ታቦር ትምህርት ቤት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣
ከምሳ በኋላ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣
መምህር ዱካሞ አንድ ብርቱካን ይዘው መጡ፤
ከሸሚዝ ኪሳቸው ሁለት ሎሚ አወጡ፤
በክብሪት እንጨት ገጣጠሟቸውና
«ውሃ ይኸውላችሁ» አሉን፣ ፈገግ አሉና።

ከኋላ ወንበር ቱንሲሳ፦
«ቲቸር፣ ጠማማ ነው! ይቃና!»

«አይቃናም።
መቶ አራት ዲግሪ ተኩል ነው፣ ፕሮትራክተር ያለው ይለካ።
ቀጥ ብሎ ቢቆም ኖሮ፣ ግራና ቀኙ ተካክሶ፣
አይሳሳብም ነበር ጠብታ ከጠብታ ደርሶ፤
አሞራ ገደል ሥር የተኛው ይሄ ሐይቃችን
ተን ሆኖ አምልጦን ነበር፣ ገና ድሮ ከደጃችን።»

ቱንሲሳ ዝም አለ። እኔ ሎሚዎቹን አየሁ።

«ኤሌክትሮኑን» አሉ፣ «በጋራ ይይዙታል፤
ብርቱካኑ ግን ጉልበታም ነው፣ ወደ ራሱ ይስበዋል።
ለሎሚዎቹ ከጋራው የሚደርሳቸው ጥቂት፣
ስለዚህ ባዶ ጎናቸው ይዞራል ወደ ጎረቤት።
እጁን የሚዘረጋ የጎደለው ነው፣ ጻፉ።»

ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ።

የጋራ ነገር አውቃለሁ።
አባቴ ሐሜሶና አጎቴ አንድ ጀልባ ነበራቸው፣
አንድ መረብ፣ አንድ መቅዘፊያ።
ቆሮሶው ሲቆጠር ግን
ሰባቱ ወደ አጎቴ፣ ሦስቱ ወደ አባቴ።
«ወንድሜ ነው» ይላል አባቴ።
እናቴ ድስቱን ትከድናለች፣ ከሚገባው በላይ በኃይል።

እና እኛ የጎደለን
ከእነ ላንቃሞ ቤት ጨው፣ ከእነ በላይነሽ ክብሪት፣
እነሱም ከእኛ የዓሣ ራስ፤
ማን ከማን እንደተበደረ
በሳምንቱ የማይታወስ።
«እስሩ ደካማ ነው» ይላል መጽሐፉ፣
«በሴኮንድ ሽርፍራፊ ይላቀቃል፣
ወዲያው ሌላውን ይይዛል።»
የኛን ሰፈር አይቶ የጻፈው መሰለኝ።

ያን ማታ ሐይቁ ዳር ወረድኩ።
ሸምበቆው ሥር አንዲት ሸረሪት መሳይ ፍጡር
ስድስት እግሯን ዘርግታ ውሃው ላይ ቆማለች፤
ከእያንዳንዱ እግሯ በታች
ውሃው ስርጉድ ብሏል፣ እንደ ጉንጭ፣
አልተቀደደም።
የዓሣ ነጋዴው ባልዲ ውስጥ በረዶ ተንሳፏል፤
ሲጠጥር ይቀላል ውሃ፣
ሲያያዝ መሐሉ ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል።

መምህር ዱካሞ፣ ገብቶኛል። ፈተናውንም አልፌያለሁ።
አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም፦
እኩል ቢካፈሉ ሐይቅ አይኖርም ነበር ብለውናል።
ለውሃ እውነት ይሆናል።
አጎቴ ይህን ቢሰማ
ሰባቱን ስምንት ያደርገው ነበር።

አባቴን ከጎን አየሁት፣ መረቡን ሲስብ፣
ጀርባው ታጥፎ።
መቶ አራት ይሆናል። መቶ አሥርም ይሆናል።
አልለካሁትም።
ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣
ውሃው ጉልበቴን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ፣
የገመዱን ሌላ ጫፍ
ተቀበልኩት።