ስሙን ያልጻፈ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ ከቆመ ዓመት ባለፈው ሕንፃ
ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ጃፓንኛ አስተምራለሁ።
ዐሥራ አንድ ሰው፣ ዐሥራ አንድ ደብተር።
«ጥያቄ አለ?» እላለሁ።
ዝም።
ከታች፣ ከመንገዱ፣ ወያላው ብቻ ይመልስልኛል፦
«አለ፣ አለ! ሁለት ቦታ አለ!»

ያልገባው ራሱን ይነቀንቃል፣
የገባው አጎንብሶ ይጽፋል፤
አላዋቂ መባል ካለማወቅ ይከብዳል።

አንድ ቀን ሰሌዳውን ተውኩት።
በስልካቸው የሚገቡበት አንድ ገጽ ከፍቼ
«እዚህ ጠይቁ፤ ስም አይጻፍም።
የሚያውቅ ይመልስ፣ የማያውቅ ይገምት» አልኳቸው።

በማግስቱ ገጹ እንደ ሐምሌ ቦይ ሞልቶ አደረ።

«'ሃ' ተብሎ ተጽፎ 'ዋ' ተብሎ የሚነበበው ለምንድን ነው?»
ከሥሩ ሌላ እጅ፦ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ስትቆጥር
ሦስት የሆኑት ለምንድን ነው ብለህ ታውቃለህ?»
«አንዱ ዛፍ፣ ሁለቱ ጫካ፣ ሦስቱ ደን ከሆነ
የእንጦጦውን በስንት ልጻፈው?»
«ግሣቸው እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው፤
ታዲያ ምላሴ እስኪደርስ የሚደክመው ምን ነክቶት ነው?»
«አክብሮት ሳበዛ ጎማውንም 'አንቱ' አልኩት። ነውር ነው?»

የመጨረሻው የምንተስኖት ነው፤ ስም ባይኖረውም ሁሉም ያውቃል፤
ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ይሸጣል፣
ከካርቶኑ ላይ «የግራ መብራት» የሚለውን ሊያነብ የመጣ።
ወይዘሮ ውዳላትም አይደበቁም፤
ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይሉት የቴሌ ጡረተኛ
ሌሊት በስምንት ሰዓት የሚጽፉትን መልስ ሁሉ
«ሃሎ» ብለው ይጀምሩታል።

ሐሙስ ሌሊት አንድ ጥያቄ መጣ፦
«ከቤት ሲወጡ 'ኢተኪማስ' ይላሉ፣
ትርጉሙ 'ሄጄ እመጣለሁ' ነው ብለውናል።
የማይመለስ ሰው ሲወጣስ ምን ይላል?»

ዐሥራ አንዱም አይተውታል።
ምንተስኖት እንኳ አልቀለደም።
እኔም ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።
ማን ይሆን?
ቪዛ የወጣላት ሐመልማል?
ወይስ ሁለት ሳምንት ኮቱን ሳያወልቅ የተቀመጠው ቢተው?
ፊት ካንጂ ነው፤
ሺህ ጊዜ ታይቶም ንባቡ ይጠፋል።

ቅዳሜ ከነጋ በኋላ፦
«ሃሎ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት መስመር ሳገናኝ
ሰው ስልክ ሲዘጋ ሰምቻለሁ።
'ደህና ሁን' ብሎ የሚጨርስ ጥቂት ነው።
'በል እንግዲህ' ይላል፣ ዝም ይላል፣
ደግሞ 'በል እንግዲህ' ይላል።
መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩት፤
'ሳዮናራ' ከሥሩ 'እንዲያ ከሆነ' ነው ይላል።
'እንግዲህ' ማለት አይደል?
እነሱም እንደኛ
ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ነው የሚለያዩት፤
ግሡ ገና አልመጣም።
ማን እንደሆኑ አላውቅም።
ማክሰኞ ይምጡ።»

ማክሰኞ መብራት ጠፋ።
ከደረጃው አናት ቆሜ
የሚወጣውን የስልክ ብርሃን ቆጠርኩ።
ስምንት። ዘጠኝ። ዐሥር።
ቆየሁ።
ታች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ትንፋሽ የሚሰበስብ ሰው ሳል።
ዐሥራ አንድ።

«ጥያቄ አለ?» አልኩ ከልማድ።
ከመንገዱ ወያላው «አለ!» ሲል
ከጨለማው አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ።
ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።