ሦስተኛው እግር

ነዳጅ ቀጂ ነኝ እኔ፣ በጅማ አየር ሜዳ፤
ሰው ወጣ ወረደ ይላል፣ እኔ ግን በሊትር ነው የማሰላው ዕዳ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ካፒቴን ሻፊ አባዲጋ
ነጩን አውሮፕላን ያስነሣል፣ ሰማዩ ገና ሳይነጋ።
የኩባንያው ነው፤ ወንበሩ ቆዳ፣ መስኮቱ ባለ መጋረጃ፣
አቶ ደምሰው ከኋላ ስልክ ያወራል፣
ከፊቱ የሻፊ ማጅራት፣ የተላጨ፣ ንጹሕ እንደ ማስረጃ።

ቅዳሜ ሲሆን ግን
ያው ሰው፣ ያለ ትከሻው ወርቅ ክር፣
ከሃንጋሩ ጀርባ ይመጣል እንደ ተበዳሪ ጎረቤት፣ ሳያሰማ እግር።
የምትጠብቀው አሮጊት ናት፣ ባለ አንድ ሞተር፣
ባለቤቷ ሌላ፣ በሯ በሽቦ የሚታሰር።
ጭነቷ የአንድ ቀን ጫጩት፣ በካርቶን፣ ስምንት መቶ ነፍስ፣
በመኪና ቢሄድ ሙቀቱ የሚጨርሰው ጋምቤላ ሳይደርስ።
«ጋሽ ሙዘይን፣ ሙላልኝ» ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
ከቦዬ ረግረግ ጉም ይነሣል፣ ሁለታችንንም ሸሽጎ።

ለምን? አልጠየቅሁትም። ጅማ ላይ ያልጠየቁትም ይሰማል፤
ሂርማታ ገበያ የተወራ፣ ማታ ጅሬን ላይ ያድራል።
ልጁ አዲስ አበባ፣ የግል ኮሌጅ፤
ቤቱ ቆጪ፣ ጅምር፣ ብረቱ ቆሞ ዝናብ የሚጠጣ፤
ደመወዙ በየወሩ ይመጣል፣ አዎ፣
ግን እንደ ችኩል እንግዳ ነው፣ ሳይቀመጥ የሚወጣ።

እኔስ ማን ነኝ ለመፍረድ?
ቀን ቱቦ፣ ማታ መሮ፤ ዋንዛ እፈለፍላለሁ፣ በርጩማ፣
ባለ ሦስት እግር፣ እንደምናውቀው በጅማ።
አራት እግር ጎርበጥባጣ ላይ ይንገዳገዳል፣ ሁለት እግር ይወድቃል፤
ሦስት ግን በየትኛውም መሬት፣ ሳይደለደልለት ይቆማል።
«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው ይተርታሉ፤
የጎደለውን ሦስተኛ ማን ጠርቦ ይስጠን? ሲባሉ ዝም ይላሉ።

አንድ ሰኞ፣ አቶ ደምሰው ደረጃው ላይ ቆመና
ከካፒቴኑ ኮሌታ ቢጫ ላባ አነሣ፣ በሁለት ጣት፣ በትሕትና።
«ዶሮ ጀመርክ እንዴ?» አለው። ሳቀ። ሻፊም ሳቀ።
እኔ ቱቦዬን ይዤ ቆምኩ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ።
ላባውን ነፋስ ወሰደው፣ ማኮብኮቢያውን ተሻግሮ፣
ያለ ፈቃድ፣ ያለ መድን፣ ያለ መዝገብ በሮ።

መዝገብ ካልኩ፣ አብራሪ የሰማይ ሰዓቱን በእጁ ይጽፋል፣
ሕጉም «ከዚህ በላይ አትብረር፣ ተኛ» ይላል።
የሻፊ መዝገብ ግማሹን ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤
የቅዳሜው ሻፊ የተጻፈው ዓይኑ ሥር ነው፣
በጥቁር ቀለም፣ ለሚያነበው።

ከዚያ ያቺ ማክሰኞ። ሐምሌ። አዌቱ ሞልቶ፣
አቶ ደምሰው ከነሻንጣው ከኋላ ገብቶ፣
ሻፊ ቀበቶውን አሰረ። ጣቱ ማስነሻው ላይ ደረሰ።
እዚያው ቀረ።
በመስታወቱ አየሁት፤ መሣሪያዎቹን ያያል፣ ደግሞ ያያል፣
መስመሩ እንደጠፋበት ቁርአን ቀሪ ልጅ፣ እንደገና ከላይ ይጀምራል።
መስኮቱን ከፈተ። «ጋሽ ሙዘይን!» አለ፣
ድምፁን ሳይቀንስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
«ነዳጁን መልሰው። አልበርም። ደክሞኛል፣
የሁለት ሰው ድካም፣ በአንድ ጊዜ።»
ከኋላ ስልኩ ዝም አለ። ዝናቡ ክንፉን መታ።

ነዳጅ ሲሞላ እንጂ ሲመለስ ቆጣሪ የለውም፤ በባልዲ ለካሁት እስከ ማታ።

ያባርሩት፣ ይማሩት፣ እስካሁን አልሰማሁም።
ያን ምሽት ግን ቤቴ መጣ፤ ምንም አላለም፣ ምንም አላልሁም።
እግሯ ተሰብሮ ልጠግናት የመጣች በርጩማ ነበረች፤ እሷ ላይ ተቀመጠ፣
የጎደለውን በራሱ እግር ደግፎ፣
ግድግዳውን ተደግፎ፣
እንቅልፍ ወሰደው።
መሮዬን አስቀመጥኩ። ፋኖሱን ዝቅ አደረግሁ።
ሰዓቱንም እኔ መዘገብኩለት፣ በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ፦
ከአንድ እስከ አራት። በመሬት። በሙሉ ስሙ።