ዐሥራ ሁለት ደቂቃ

ደብረ ብርሃንን ጠይቁኝ፣ አውቃታለሁ በመስኮት፤
ከጫጫ ሽቅብ ስነዳ ብርዷ ነው የሚቀድማት።
መስታወቱን ብዘጋውም በፔዳሉ ሥር ይገባል፣
ጉልበቴን እንደ አበዳሪ ጨምድዶ ይይዛል።

በግራ በኩል ማደያ፣
በቀኝ በኩል ጎሚስታ፣
መካከሉ ላይ ጉብታ፤
ጉብታው ጋ ሴት ቆማለች፣ ብርድ ልብስ እንደ ልጅ ታቅፋ፣
«ሹፌር፣ ይቺን ውሰዳት!» ትላለች ወደ መስኮቴ ተንጠራርታ።
ስሄድ፦ «ስመለስ» እላታለሁ።
ስመለስ ደግሞ፦ «ስሄድ»።
እንዲህ ስንባባል አረጀን፣
እሷ ቆማ፣ እኔ ስነጉድ።

ስሟን የነገረኝ ጎሚስታው ነው፣ ጎማዬ ላይ ጎንበስ ብሎ
«ዘርትሁን፣ ሰውሽ መጣልሽ!» ሲል፣ ሳቁን አስከትሎ።
የእሱን ስም ግን አላውቅም።

ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ፣ ከሮቢት ሽንኩርት ይጫናል።
ሲሚንቶስ ይታገሣል፤
ሽንኩርት ግን ሰው አያስቆምም፤ ባለቤቱ ይደውላል፣
«የት ደረስክ?» ይላል።
«ደብረ ብርሃን» እላለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወርድ
ከተማዋ በጎን መስታወት ወደ ኋላ ስትሰደድ።

ዝነኛ ናት ይሏታል።
ብርሃን ከሰማይ ወረደባት፣
ንጉሥ ድንኳን ተከለባት፣ ይላሉ።
እኔ ያየሁት ብርሃን የማደያው አምፖል ነው፣
አንድ ጎኑ የተቃጠለ፣
ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ እያለ
ናፍጣ የሚያስቀዳኝ።

አንድ ቀን ከሸኖ አንድ አዛውንት ጋቢና አሳፈርኩ፤
ጌጤነህ እባላለሁ አሉኝ። ጉልበታቸው መሐል ጃንጥላ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ፤ የስለት ነው።
ጉብታው ዘንድ ሳዘግም፦
«ልጄ፣ ለሥላሴ በየት ልሂድ? መቼም አንተ ታውቀዋለህ፣
ጠዋት ማታ እዚህ አይደለህ?»
አላውቅም ማለት አፈርኩ።
በአገጬ ወደ ቀኝ ጠቆምኩ።
«መንገድህን ያቅናልህ» ብለው
ወረዱ። በጎን መስታወት አየኋቸው፣
ጃንጥላዋን ታቅፈው
አገጬ ወዳለው ሲሄዱ፣ ሲሄዱ።

በሳምንቱ ዘርትሁንን «ሥላሴ በየት ነው?» አልኳት።
ከብርድ ልብስ ሌላ ነገር ገና ያን ቀን ሳወራት
ደነገጠች። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤
ወደ ግራ።

ሰው ጠይቀው ደርሰው ይሆናል፤ ከተማ ነው፣ ሰው አይጠፋ፣
እያልኩ ጣርማ በርን ወጣሁ፣ ጉሙ መብራቴን እየገፋ።
ዋሻው ውስጥ ሒሳብ ሠራሁ።
ከዳር እስከ ዳር ብነዳት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ናት፤
በሳምንት ሁለቴ፣ በዓመት መቶ አራት፣
በዐሥራ ሰባት ዓመት ስታበዛው
ዐሥራ አራት ቀን ከምናምን።
ሁለት ሳምንት ኖሬባታለሁ!
ሁለት ሳምንት የተኛ እንግዳ
የውሻውን ስም ያውቃል፣ ይለያል ጓሮና ጓዳ፤
እኔ ጉብታዋን አውቃለሁ።

ትናንት ሽንኩርት ጭኜ፣ በሌሊት ከሮቢት ወጥቼ
ጉብታው ላይ ማርሽ ቀነስኩ።
ዘርትሁን መጣች። «ስሄድ» ልላት አፌን ከፍቼ
«ስንት ነው?» አልኩ።
ዝም አለች መጀመሪያ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ዘረጋችው፤
ውስጡ ቀይ ኖሯል።
ይህን ሁሉ ዓመት ታጥፎ ነው ያየሁት።
ዋጋውን ስትነግረኝ ከኋላዬ ያለው አይሱዙ ጥሩምባውን ነፋ።
እሷን አልሰማኋትም። እግሬ ግን ጥሩምባውን ሰማ።

ጫጫን ካለፍኩ በኋላ ስልኩ ጮኸ።
«የት ደረስክ?»
«ደብረ ብርሃን» አልኩት።