ካልተነገረህ ቁም

በአባቴ ሰዓት ከሌሊቱ ስምንት፣
በቢሮው ግድግዳ ሁለት፣
በሰርቨሩ ሃያ ሦስት፤ እሱ ገና ትናንት ላይ ነው።
አንዱን ሌሊት ነው ሦስታችንም የምንጠብቀው።

ቤር ሼቫ፣ አራተኛ ፎቅ። መስኮቱ ላይ የበረሃ አቧራ፣
ከታች የባቡር ጣቢያው፣ ሰው በሌለበት የሚያበራ።
ሥራዬ ቧንቧ ነው፤ ውሃ የማያልፍበት።
ከሐኪም ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከዚያም ወደ ሒሳብ ክፍል
የበሽተኛ መዝገብ አሻግራለሁ፣ ረድፍ በረድፍ፣
አንድም ሳይደገም፣ አንድም ሳይረግፍ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ተለዋዋጮች አሉኝ።
ተለዋዋጭ ማለት፣ አባቴን እንዳስረዳሁት፣
ሆዱ ላይ ስም የተጻፈበት ጎታ ነው፤
ስሙ አይነካም፣ እህሉ ነው እንደ ቤቱ የሚለየው።
በመሞከሪያው ቤት ገለባ፣ በዋናው ስንዴ ይገባል፤
ጫኙ ቤት ከተሳሳተ፣ አገር ገለባ ይበላል።

እስካለፈው ማክሰኞ በእጃችን ነበር የምንሞላው።
አርካዲ ያነባል፣ እኔ እተይባለሁ፤
እሱ አዛጋ፣ እኔ አንድ መስመር ዘለልሁ፤
አንዷ ጎታ ባዶዋን ቀረች።
ሶፍትዌሩ አልጮኸ፣ አልጠየቀ፤
ነባሪውን ዋጋ ከኪሱ አውጥቶ ሞላት፣
ጉድለቷንም አሳምሮ ደበቀ።

ሲነጋ አርባ አንድ ሺህ ሰው
ለአንድ ቀን ተቀጥሮ አደረ፦
ጃንዋሪ አንድ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ።
ከዲሞና አንዲት ሴት ደወሉ፦
«ያኔ እናቴም አልተወለደች፤ በየትኛው አውቶቡስ ልምጣ?»
ሊሞር ሳቀች፤ ከዚያ ተቆጣች፤
ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «በእጅ መሙላት ቀረ» አለች።

እናም ዛሬ ስክሪፕት እጽፋለሁ።
እንደ ዕድር ጸሐፊ ስም ይጠራል፣ የቀረውን ይመዘግባል፤
ከቃል ኋላ የተረሳች ባዶ ቦታ፣
ከጤፍ ቅንጣት የቀለለች፣ አበጥሮ ያራግፋል፤
የይለፍ ቃል ሲደርስ ግን ድምፁን ይቀንሳል፣
መኖሩን አይቶ ብቻ ያልፋል።

«ዋጋ ከሌለ» ብዬ ጻፍሁ።
ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ።
ልማዱ እዚህ ጋ ነባሪ ማስቀመጥ ነው።

ስሕተቱን ስፈልግ ያየሁት ዓምድ መጣብኝ፣
የትውልድ ቀን የሚለው፦
ተገኜ፣ ጃንዋሪ አንድ። አስረበብ፣ ጃንዋሪ አንድ።
ይዛለም፣ ጃንዋሪ አንድ።
አንድ ሌሊት እንደ እንጉዳይ የፈሉ ይመስል
የእኛ ሽማግሌዎች በሙሉ።

አባቴም እዚያው ነው።
«መቼ ተወለድህ?» አለው ጸሐፊው፣ በአስተርጓሚ፣
ሻንጣ እንኳ ሳያስቀምጥ። (ሻንጣም አልነበረው።)
አባቴ መልስ ነበረው፦
«አንበጣው በመጣ በማግስቱ ክረምት፣
ወንዙ ድልድዩን በወሰደ ሳምንት።»
የቅጹ ሳጥን ጠባብ ነበር፤
አንበጣም አያስገባ፣ ድልድይም አያሳልፍ።
ነባሪው ተሞላ። ማኅተም። ቀጣይ።

ሠላሳ አራት ዓመት፣ በየጃንዋሪው፣
ከባንኩ፣ ከሐኪም ቤቱ፣ ከከተማው አስተዳደር
«እንኳን ተወለዱ» ይመጣለታል።
«ማንን ነው የሚመርቁት?» ይለኛል፣
ስልኩን አርቆ ይዞ።

ነባሪውን አልጻፍሁም። እንዲህ አልሁት፦
ዋጋ ከሌለ፣ አትገምት።
ካልተነገረህ ቁም።
ስሙን ጥራ፣ ሰው ቀስቅስ፣ ጠብቅ።

አስነሣሁት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ «አለሁ» አሉ።
አንዷ ዝም አለች። ስክሪፕቱም ቆመ።
አርካዲን ደወልሁለት፤ በሩሲያኛ ረገመኝ፣
በዕብራይስጥ ዋጋውን ነገረኝ፤
መልሼ አስነሣሁት። አለፈ።

ቤት ስደርስ አባቴ ለጸሎት ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል።
«አባ፣ ያ ድልድይ ማን ይባል ነበር?» አልሁት።
ፎጣውን ይዞ ቆመ።
አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።
ሁለት ሦስት ስም አፌ ላይ መጥቶ ነበር።
አልሞላሁለትም።
ውሃው እየፈሰሰ ነው።
ጠበቅሁ።